የላቲስ ምስጠራና ፊርማ በእርሳስና በወረቀት፦ ራሳችሁ ሥሩት

«ሆን ተብሎ የተሳሳተ ቁጥር ከተጨመረበት ተቀባዩ ትክክለኛውን መልእክት ከየት ያገኘዋል?»

ስለ ላቲስ ምስጠራ፣ ማለትም በነጥብ መረብ ሂሳብ ላይ ስለቆመውና ሆን ተብሎ ትንሽ ስህተት ስለሚጨመርበት የሚስጥር መላኪያ ዘዴ፣ ባስረዳሁ ቁጥር ይህች ጥያቄ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም። በቃል ስመልስላቸው ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ያመጡልኛል። በእጁ አንድ ጊዜ አስልቶ ያየ ግን ደግሞ አይጠይቅም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው ይህን መመሪያ ነው። መደመር፣ ማባዛትና አካፍሎ ቀሪ ማግኘት ከቻላችሁ ይበቃችኋል። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግራፍ ወረቀት ወይም ባለ ካሬ ደብተር
- እርሳስና ላጲስ (እስክሪብቶ ተዉት፣ መሰረዛችሁ አይቀርም)
- ካልኩሌተር፤ የስልካችሁ ይሆናል
- አንድ የ1 ብር ሳንቲም
- ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው 10 ቁራጭ ወረቀቶች፣ ዕጣ ለማውጣት
- ከተገኘ አንድ ጓደኛ፤ መልእክቱን የሚልክላችሁ እሱ ይሆናል

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ የምንሠራው ለመማሪያ ብቻ የሚሆን ትንሽ ሞዴል ነው። ሚስጥራችን ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ያሉት አማራጮች በሙሉ 912,673 ናቸው፤ ማንኛውም ላፕቶፕ ዓይን እስኪጨፈን ይጨርሳቸዋል። እውነተኛ ነገር አትመስጥሩበት።

ደረጃ 1፦ ላቲሱን ሳሉ

ግራፍ ወረቀቱ መሀል ላይ የመነሻ ነጥብ አድርጉ። ሁለት ቀስት አላችሁ። የመጀመሪያው 4 ወደ ቀኝ፣ 1 ወደ ላይ ይወስዳል፤ ሁለተኛው 1 ወደ ግራ፣ 3 ወደ ላይ። በእነዚህ ሁለት ቀስቶች ብቻ፣ ወደፊትም ወደኋላም እየተራመዳችሁ የምትደርሱበትን ነጥብ ሁሉ ምልክት አድርጉ። በሰልፍ የቆመ የነጥብ መረብ ይወጣላችኋል። ላቲስ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ሌላ ሁለት ቀስት ውሰዱ፦ (10፣ 9) እና (13፣ 13)። የመጀመሪያው የቀድሞዎቹ ቀስቶች 3 እና 2 ጊዜ ተደምረው የተገኘ ነው፤ ሁለተኛው 4 እና 3 ጊዜ። ሞክሩት፣ የሚረግጡት ያንኑ መረብ ነው፤ አንድም ነጥብ አይጨምሩም፣ አንድም አይቀንሱም። ልዩነታቸው ረጃጅምና ጎን ለጎን የተጣበቁ መሆናቸው ነው።

ከመረቡ ውጭ ያለችውን (6፣ 5) የምትባል ነጥብ አድርጉና ለእሷ ቅርብ የሆነውን የመረብ ነጥብ በስሌት ፈልጉ። በአጫጭሮቹ ቀስቶች (6፣ 5) ማለት 1.77 እና 1.08 እርምጃ ነው፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ስታጠጉት 2 እና 1፣ ማለትም (7፣ 5)። አንድ ካሬ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ትክክል ነው። በረጃጅሞቹ ያንኑ አድርጉ፦ 1 እና −0.31 ይወጣል፤ ስታጠጉት 1 እና 0፣ ማለትም (10፣ 9)። ከ5 ካሬ በላይ ስቷል።

ይህ ደረጃ ለምን አስፈለገ? የምስጠራው ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በሁለት አቅጣጫ ወረቀት ላይ ዓይናችሁ መልሱን ያየዋል። አቅጣጫዎቹ 500 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን መጥፎ ቀስት ብቻ ለያዘ ሰው ቅርቡን ነጥብ በአጭር ጊዜ የሚያገኝለት የታወቀ ዘዴ የለም፤ በኳንተም ኮምፒውተርም ቢሆን። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው የምስጠራ ዘዴዎች፣ የአርኤስኤ እና የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፎች፣ በትልቅ ኳንተም ኮምፒውተር እንደሚሰበሩ ስለሚታወቅ ነው ሰው ወደዚህ የሚዞረው።

ደረጃ 2፦ በክብ መቁጠርን ተለማመዱ

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ 97 ቁጥር ባለው «ሰዓት» ላይ ነው። በእጅ ሰዓታችሁ 10 ሰዓት ላይ 5 ብትጨምሩ 3 ይሆናል እንጂ 15 አይሆንም፤ እዚህም ከ96 ቀጥሎ 0 ነው። ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ለ97 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። 1063 ለ97 ሲካፈል 10 ጊዜ ደርሶ 93 ይተርፋል፤ ስለዚህ 1063 ማለት 93 ነው።

ነጌቲቭ ከመጣ 97 ጨምሩበት፦ −46 ማለት 51 ነው። ካልኩሌተሩ −46 ብሎ ስለሚተወው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሌታችሁ አልገጥም ካለ መጀመሪያ ነጌቲቮቹን ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ ሚስጥራዊ ቁልፍ ምረጡ

ከ0 እስከ 96 ሦስት ቁጥር በዕጣ አውጡ። ሁለት ጊዜ አንስታችሁ አሥርና አንድ አድርጉት፤ ያነሳችሁትን ቁራጭ ወዲያው መልሱ። 97፣ 98 ወይም 99 ከወጣ ጣሉትና እንደገና አንሱ። «97 ማለት 0 ስለሆነ ልውሰደው» አትበሉ፤ እንዲያ ካደረጋችሁ 0፣ 1 እና 2 ከሌሎቹ እጥፍ ዕድል ያገኛሉ፤ ዕጣው ካጋደለ ደግሞ ለሰባሪው፣ ማለትም ሚስጥሩን ሰርቆ ለማወቅ ለሚሞክረው ሰው፣ ፍንጭ ነው።

ለምሳሌያችን ሚስጥሩ 12፣ 45፣ 7 ይሁን። ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፉትና ገልብጣችሁ አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ይፋዊ ቁልፉን ሥሩ

በዚያው ዕጣ አምስት መስመር አውጡ፣ በየመስመሩ ሦስት ቁጥር። የእኔ እነዚህ ናቸው፦

- መስመር 1፦ 23፣ 8፣ 61
- መስመር 2፦ 5፣ 90፣ 34
- መስመር 3፦ 77፣ 16፣ 2
- መስመር 4፦ 40፣ 53፣ 19
- መስመር 5፦ 66፣ 31፣ 88

እያንዳንዱን መስመር ከሚስጥሩ ጋር አንድ ለአንድ አባዙና ደምሩ። መስመር 1፦ 23×12 + 8×45 + 61×7 = 1063፣ ማለትም 93። በዚህ ዓይነት 93፣ 80፣ 9፣ 88፣ 87 ታገኛላችሁ።

አሁን ስህተቱን አስገቡ። ሳንቲሙን ሁለቴ ወርውሩና አንበሳው ስንት ጊዜ እንደወጣ ቁጠሩ። እንደገና ሁለቴ ወርውሩና ቁጠሩ። ከመጀመሪያው ቆጠራ ሁለተኛውን ቀንሱ። ከ−2 እስከ +2 ያለ ቁጥር ይወጣል፤ 0 ብዙ ጊዜ፣ ዳርና ዳሩ አልፎ አልፎ። (ይህ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ኤምኤል-ኬም-768 የሚባለው እውነተኛው አሠራር ስህተቱን የሚያወጣው ልክ በዚህ ቀመር ነው፣ በሳንቲም ፋንታ በቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆነ የኮምፒውተር አኃዝ።) ለእኔ +1፣ −1፣ 0፣ +2፣ −1 ወጣልኝ። ስደምራቸው የመስመሮቹ ውጤት 94፣ 79፣ 9፣ 90፣ 86 ሆነ።

አምስቱን መስመርና እነዚህን አምስት ውጤቶች ለጓደኛችሁ ስጡት፤ ለመንገደኛም ብትሰጡት ግድ የለም። ይፋዊ ቁልፋችሁ ይኸው ነው። የስህተቶቹን ዝርዝር ግን ቀዳድዳችሁ ጣሉት። ስህተቶቹን ያወቀ ሰው ከውጤቱ ላይ ቀንሶ ሚስጥሩን በተራ የትምህርት ቤት ሂሳብ ያወጣዋል።

ደረጃ 5፦ ሰባሪ ሆናችሁ ሞክሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግማሹ እዚህ ነው።

በትምህርት ቤት እንደተማራችሁት አንዱን ያልታወቀ ቁጥር ለማጥፋት መስመር 1ን በ5፣ መስመር 2ን በ23 አባዙና ቀንሱ። የመጀመሪያው ዓምድ ይጠፋል፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 8 ይሆናል። ስህተት ባይጨመር ኖሮ በስተቀኝ 80 ይወጣ ነበር፤ 7×45 + 8×7 ራሱ 371፣ ማለትም 80 ስለሆነ ትክክል ነው። ሁለት ጊዜ ብትቀጥሉ ሚስጥሩ በእጃችሁ ነው።

በይፋዊው ቁልፍ ላይ ያንኑ ስሌት ስትሠሩ ግን 80 ሳይሆን 11 ይወጣል። የት ሄደ? መስመር 1 ላይ የነበረችው +1 በ5 ተባዝታ 5 ሆነች፤ መስመር 2 ላይ የነበረችው −1 በ23 ተባዝታ −23 ሆነች፤ ሲቀናነሱ 28። ትንሿ ስህተት በአንድ እርምጃ የሰዓቱን ሩብ አልፋ ሄደች። በሚቀጥለው እርምጃ እንደገና ትባዛለች፣ ከዚያ በኋላ ክቡን በሙሉ ትሞላና መልሱ ከተራ ዕጣ አይለይም። ሰባሪው ለማጥፋት ማባዛት ግድ ይሆንበታል፣ ሲያባዛ ደግሞ ስህተቱን ያሳብጠዋል። ባለቁልፉ ግን፣ አሁን እንደምታዩት፣ ስህተቱን ይደምራል እንጂ አያባዛም።

ከደረጃ 1 ጋር ያለው ዝምድና ይህ ነው፦ ስህተት የሌለባቸው አምስቱ ውጤቶች የአንድ ላቲስ ነጥብ ናቸው፣ ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ ከዚያ ነጥብ ትንሽ የተገፋ ነጥብ። ሚስጥሩን መፈለግና ቅርቡን ነጥብ መፈለግ አንድ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 6፦ አንድ ቢት መስጥሩ

ይህን የሚሠራው ጓደኛችሁ ነው፣ ይፋዊውን ቁልፍ ብቻ ይዞ።

ሀ. ለአምስቱም መስመር ሳንቲም ይወርውር፤ አንበሳ የወጣላቸውን ብቻ ይውሰድ። ለምሳሌ 1፣ 3 እና 4 ወጡ እንበል።

ለ. የወጡትን መስመሮች ወደ ታች ይደምር፦ 23+77+40 = 140፣ ማለትም 43፤ 8+16+53 = 77፤ 61+2+19 = 82። ውጤቶቹን ደግሞ፦ 94+9+90 = 193፣ ማለትም 96።

ሐ. መልእክቱ 0 ከሆነ 96ን እንዳለ ይተወው። 1 ከሆነ የ97 ግማሽ ግድም የሆነውን 48 ይጨምርበት፦ 144፣ ማለትም 47።

የሚልክላችሁ 43፣ 77፣ 82 እና 47 ነው።

48 የተመረጠው ከ0 በክቡ ላይ በጣም የሚርቀው ቦታ እሱ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ መልእክቶች በተራራቁ ቁጥር የስህተቱን መንገዳገድ ይችላሉ። ብዙ ሰው 1ን ለመላክ 1 ብቻ ይጨምራል። ያኔ መልእክቱና ስህተቱ አንድ መጠን ይሆኑና የሚለያቸው የለም።

በአምስቱ ውርወራ አንበሳው አንዴም ካልወጣ እንደገና ይወርውር። ምንም መስመር ሳይደመር የሚሄደው 0፣ 0፣ 0 እና ራቁቱን የቆመ መልእክት ነው።

ደረጃ 7፦ ፍቱት

የተላኩትን ሦስት ቁጥሮች በሚስጥራችሁ አባዙ፦ 43×12 + 77×45 + 82×7 = 4555፣ ማለትም 93። ከአራተኛው ቁጥር ቀንሱት፦ 47 − 93 = −46፣ ማለትም 51።

51 ለ48 ነው የሚቀርበው ወይስ ለ0? ለ48፣ በ3 ብቻ ይርቃል። ስለዚህ መልእክቱ 1 ነው። ያቺ 3 ከየት መጣች ካላችሁ የመስመር 1፣ 3 እና 4ን ስህተት ደምሩ፦ 1 + 0 + 2። ሚስጥሩ ትልልቆቹን ቁጥሮች ጠርጎ ሲያወጣቸው የቀረው ትንሹ ስህተትና 48 ብቻ ነው። ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ስህተቱ ስንት ድረስ ይፈቀዳል? ከ24 በታች እስከሆነ ድረስ አትሳሳቱም። አምስት መስመር ቢበዛ 10 ነው የሚሰበስበው፣ ደህና ነን። መስመሮቹን ከ11 በላይ ካደረጋችሁ ግን ክፉ አጋጣሚ ሲመጣ 0 የተላከው 1 ሆኖ ሊፈታ ይችላል። ስህተቱን ስታሳንሱ ሰባሪውን ታግዛላችሁ፣ ስታበዙት ራሳችሁን ትጎዳላችሁ።

ደረጃ 8፦ መነካካትን ፈትሹ

የተላከውን አራተኛ ቁጥር ብቻ ላይ 48 ጨምሩ፦ 47 የነበረው 95 ይሆናል። ፍቱት፦ 95 − 93 = 2፣ ማለትም መልእክቱ 0። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሚስጥሩን ሳያውቅ 1ን 0 አደረገው! ከዚህም ይብሳል፦ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ቢልክና እናንተ «ተፈታ» ወይም «አልተፈታም» እያላችሁ ብትመልሱለት ስህተቱን ይለካዋል፣ ከስህተቱ ደግሞ ሚስጥሩን ያወጣዋል።

ስለዚህ እውነተኛው ኤምኤል-ኬም ከፈታ በኋላ ያገኘውን መልእክት መልሶ ይመሰጥረዋል፤ ከመጣው ጋር አንድ ፊደል ካልገጠመ ዝም ብሎ የማይረባ ቁልፍ ያወጣል እንጂ «አልገጠመም» አይልም። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ይህን ዝምታ «ላሻሽለው» ብላችሁ የስህተት መልእክት አትጨምሩበት።

ደረጃ 9፦ ፊርማ

ፊርማ ሰነዱ ከእናንተ መምጣቱን ለማንም ማረጋገጫ ነው። ለፊርማ ሌላ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ የምስጠራውን አትጠቀሙበት። ሚስጥሩ አሁን ትንንሽ ቁጥር ብቻ ነው፦ 1፣ −1፣ 1። መስመር 1 እና 2ን ብቻ ውሰዱና አባዙ፤ ውጤቱ 76 እና 46 ይሆናል። ሁለቱ መስመሮችና እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይፋዊ ናቸው።

የምትፈርሙበት ሰነድ 15 የሚል ቁጥር ይሁን።

ሀ. ሚስጥሩን የሚሸፍን ጭምብል አውጡ፦ ከ−10 እስከ 10 ሦስት ቁጥር በዕጣ። (ሁለት አኃዝ አንሱ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ጣሉ፣ ከቀረው 10 ቀንሱ። ያሰለቻል፣ ግን አታቋርጡ።) ለእኔ 7፣ −4፣ 2 ወጣ።

ለ. ጭምብሉን በሁለቱ መስመሮች አባዙ፦ 57 እና 34።

ሐ. ፈተናውን አስሉ፦ 57 + 34 + 15 = 106፣ ለ3 ሲካፈል ቀሪው 1። ቀሪው 0 ከሆነ ፈተናው 0፣ 1 ከሆነ 1፣ 2 ከሆነ −1 ነው። በእውነተኛው አሠራር እዚህ ቦታ ላይ ያለው ጠንካራ ሃሽ ነው፣ ማለትም ማንኛውንም ሰነድ ወደ አጭር፣ አስቀድሞ ወደማይገመት ቁጥር የሚለውጥ ስሌት፤ የእኛ ሦስት ምርጫ ብቻ ስላለው አጭበርባሪ በግምት ሊያገኘው ይችላል።

መ. ምላሹን ሥሩ፦ ጭምብል + ፈተና × ሚስጥር = 8፣ −5፣ 3። እዚህ ነጌቲቩን እንዳለ ተዉት፣ 97 አትጨምሩበት።

ሠ. ከምላሹ አንዱም ከ9 በላይ ወይም ከ−9 በታች ከሆነ ጣሉትና ከሀ ጀምሩ። የእኛ አልፏል። ፊርማው ፈተናው 1 እና ምላሹ 8፣ −5፣ 3 ነው።

አረጋጋጩ ምላሹን በመስመሮቹ ያባዛል (36 እና 80)፣ ፈተናውን በይፋዊ ቁጥሮቹ አባዝቶ ይቀንሳል፦ 36 − 76 ማለት 57፣ 80 − 46 ማለት 34። 57 + 34 + 15 አሁንም ቀሪው 1 ነው፣ ምላሹም ከ9 አላለፈም። ፊርማው ትክክል ነው። ሁለቱንም መፈተሽ ግዴታ ነው፤ የመጠኑን ፍተሻ የዘለለ አረጋጋጭ ማንም በትልልቅ ቁጥር የሠራውን ፊርማ ይቀበላል።

«ለምን እጥላለሁ፣ ስሌቱ እኮ ትክክል ነው?» ትሉ ይሆናል። ጭምብሉ 10፣ −2፣ 4 ቢወጣ ፈተናው 1፣ ምላሹ 11፣ −3፣ 5 ይሆናል። ጭምብል ከ10 እንደማያልፍ ሁሉም ያውቃል። 11ን ያየ ሰው የሚስጥሩ የመጀመሪያ ቁጥር 1 መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ሌላ መንገድ የለማ። እውነተኛው የላቲስ ፊርማ አሠራር ኤምኤል-ዲኤስኤ-65 አንድ ፊርማ እስኪወጣለት በአማካይ 5 ጊዜ ያህል ይሞክራል፤ ፊርማው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ቢመጣባችሁ ብልሽት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድን ጭምብል ሁለቴ አትጠቀሙ። በዚያው 7፣ −4፣ 2 ሰነድ 16ን ብትፈርሙ ፈተናው −1፣ ምላሹ 6፣ −3፣ 1 ይሆናል። ሁለቱን ምላሾች ቀንሱ፦ 2፣ −2፣ 2። ለ2 አካፍሉ። ሚስጥራችሁ አደባባይ ላይ ነው።

ደረጃ 10፦ ወደ እውነተኛው ተሻገሩ

ሥራ ላይ የምታውሉት በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ያወጣቸውን ደረጃዎች (ፊፕስ) ነው፦ ለቁልፍ ማስተላለፊያ ፊፕስ 203 (ኤምኤል-ኬም)፣ ለፊርማ ፊፕስ 204 (ኤምኤል-ዲኤስኤ)። ራሳችሁ አትጻፏቸው፤ ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው ነጻ የምስጠራ ሶፍትዌር ከስሪት 3.5 ጀምሮ ሁለቱንም ይዟል።

ኤምኤል-ኬም ፋይል አይመሰጥርም። የሚያስተላልፈው የ32 ባይት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ፋይሉን በዚያ ቁልፍ የሚመሰጥረው ኤኢኤስን የመሰለ ሌላ ዘዴ ነው። «ፋይሌን በኤምኤል-ኬም ልመስጥር ብዬ እምቢ አለኝ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል።

ቦታ አስቀድማችሁ አስቡ። ኤምኤል-ኬም-768 በ97 ፋንታ 3329ን ይጠቀማል፤ ይፋዊ ቁልፉ 1184 ባይት፣ የሚላከው 1088 ባይት ነው። የኤምኤል-ዲኤስኤ-65 ይፋዊ ቁልፍ 1952 ባይት፣ ፊርማው 3309 ባይት ነው። ኢዲ25519 በተባለው የኤሊፕቲክ ከርቭ ዘዴ ፊርማ 64 ባይት ብቻ ስለነበር፣ የዳታቤዝ ዓምዳችሁን ወይም የኪውአር ኮዳችሁን በዚያ ልክ ሠርታችሁ ከሆነ አይገባም።

ለመለማመጃ ይህን ፍቱ። በሚስጥሩ 12፣ 45፣ 7 የተላኩ ሦስት ቢቶች ናቸው፦

- 45፣ 46፣ 53 እና 23
- 69፣ 55፣ 54 እና 92
- 86፣ 3፣ 12 እና 39

ሲቀነስ 49፣ 0 እና 49 ካልወጣላችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ነጌቲቩን ረስታችኋል።